የሐሙስ ታሪፍ

እኔ ባደግሁበት ሰፈር መብራት ሁለት ጠባይ ብቻ ነበረው፤ ወይ አለ፣ ወይ የለም። ሲመጣ ልጆች «መጣ» ብለው ይጮኻሉ፤ ሲሄድ ትልልቆቹ «ሄደ» ብለው ኩራዝ ይፈልጋሉ። ከዚያ ያለፈ ጭንቀት አልነበረም። መብራትን «በስንት ሰዓት ስትመጣ ነው የምትረክሰው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላየሁም። እዚህ ለንደን ግን መብራት ሁልጊዜ አለ፤ እንደ ደህና ዘበኛ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ችግሩ ጠባዩ ከሰዓቱ ጋር መለዋወጡ ነው። ሌሊት ገር ነው፣ እንካ ውሰድ ይላል። ሰው ሁሉ ሥራ ውሎ ደክሞት ቤቱ ሲገባ ደግሞ ይኮራል፣ ዋጋው አይቀመስም። እዚህ አገር የምትኖሩ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የማትኖሩም አትቸኩሉ፤ እየተጫወትን እንግባባለን።

የምኖረው ሰቨን ሲስተርስ በሚባል ሰፈር፣ ካውንስል፣ ማለት የአካባቢው አስተዳደር፣ በሰጠኝ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ የማሞቂያ ጋዝ የለውም። ግድግዳው ላይ እንደ ሣጥን የተገተረ ትልቅ ሂተር አለ፤ ሆዱ ውስጥ ጡብ ተደርድሮበታል። ሌሊት መብራቱ ሲረክስ ጡቡ ይግላል፤ ቀን ደግሞ ያጠራቀመውን ሙቀት ቀስ እያለ ይለቀዋል። ሐሳቡ ደግ ነው። ክፋቱ ግን አያያዝ አያውቅም። እኔ ገና ከአልጋ ሳልወርድ መለገስ ይጀምራል፤ እስከ ምሳ ሰዓት ይለግሳል፤ ከምሳ በኋላ ማዛጋት ያመጣል፤ ጀምበር ስትጠልቅ ኪሱ ባዶ ነው። ማታ ብትነኩት እንደ ተረሳ ሻይ ለብ ይላል። ደመወዝ የተቀበለ ለት አገሩን ሁሉ የሚጋብዝ፣ ወሩ ሲጋመስ ግን ሰው ሲያይ መንገድ የሚቀይር ጓደኛ አጋጥሟችሁ አያውቅም? እሱን ግድግዳ ላይ ብትሰቅሉት የኔን ሂተር ይሆናል።

ድሮ ይህ ሁሉ አይሰማኝም ነበር። የሌሊት ጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። እኔ መሀል ከተማ የትልቅ መሥሪያ ቤት ወለል ስወለውል፣ እሱ እቤት ጡቡን ያግላል፤ ጠዋት ስገባ ሞቅ አድርጎ ይቀበለኛል። ሁለታችንም የሌሊት ሽፍት ነበርን። ባለቤቴም ያን ጊዜ በሕይወት ነበረች፤ ቀን እኔ ስተኛ በእግሯ ጣት ነበር የምትራመደው። ከዚያ እሷ ዐረፈች፤ ነፍሷን ይማርና። እኔ ጡረታ ወጣሁ። ሂተሩ ብቻ በሌሊት ሽፍቱ ቀጠለ።

ጡረታ ስወጣ ነው ማታ የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅሁት። ማታ ለካ ረጅም ነው። ድሮ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ እንኳ አልፎ አልፎ ያንኳኳ ነበር። «ቆጣሪው የት ነው?» ይላል፣ አሳየዋለሁ፣ «ቀዝቃዛ ቀን ነው» ይላል፣ «በጣም» እለዋለሁ፤ ይሄም ጨዋታ ነው። አሁን ቆጣሪው ራሱን በራሱ አንብቦ ለኩባንያው ይልካል ተባለና ሰውዬውም ቀረ። እግዚአብሔር ሥራ አያሳጣው፤ የት እንዳለ አላውቅም።

እንግዲህ ለእኔ ማታ የቀሩኝ ጋሽ ኪዳኔ ናቸው። ጋሽ ኪዳኔ የአሥመራ ሰው ናቸው፤ በዕድሜ ይበልጡኛል። ያንን ወለል አብረን ነበር የምንወለውለው። አማርኛን ትምህርት ቤት ተቀምጠው ስለ ተማሩት የኔን አማርኛ ያርማሉ። እኔ ብዙም ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ እናቴ ያስተማረችኝን ቋንቋ እሳቸው ሲያርሙልኝ «እሺ» ከማለት ሌላ ምን እላለሁ? አሁን ከልጃቸው ከሳባ ጋር ኬኒንግተን ይኖራሉ። ቀን የሳባን ልጆች ትምህርት ቤት ያደርሳሉ፣ ይመልሳሉ፣ እሷ ከሥራ እስክትገባ ይጠብቃሉ። ከዚያ በኋላ ነው ሰው የሚሆኑት። ታዲያ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠው እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ሐሙስ የሆነበት ምክንያት አለው፤ እኔ ረቡዕና ዓርብን እጾማለሁ፤ እሳቸው ካቶሊክ ናቸው፣ ቅቅል ይወዳሉ። ሐሙስ ሁለታችንንም ታስታርቃለች።

አመጣጣቸውን ልንገራችሁ። በሩን ያንኳኳሉ፤ እከፍታለሁ፤ ትከሻ ለትከሻ እንሳሳማለን፤ ወዲያው እጄን ወደ ካፖርታቸው እሰድዳለሁ። እናንተም ታደርጉታላችሁ። እንግዳ ካፖርቱን ለብሶ ከተቀመጠ ልብ አይጥልም፤ አንድ እግሩ በር ላይ ያለ ይመስላል። «ይቆይ ግድ የለም» ይላሉ። «ምነው፣ ሊሄዱ ነው እንዴ?» እላለሁ። «ኧረ ይቆይ፣ ታደሰ።» «አይሆንም፤ እኔ ቤት መጥተው እንደ ተሳፋሪ ሊቀመጡ?» እንታገላለን። ሁልጊዜ እኔ ነኝ የማሸንፈው። ካፖርቱን ገፍፌ፣ ሻርፑን ጨምሬ፣ ኮፍያውን ደርቤ፣ ኮሪደሩ ውስጥ ያለው ማንጠልጠያ ላይ በክብር እሰቅለዋለሁ። ከዚያ «ቤቱ እንዴት ነው?» እላቸዋለሁ። «ቤትህማ ገነት ነው» ይሉኛል። ቅቅሉን ሲያዩ ደስ የሚላቸው ደስታ ሌላ ነው፤ ሳህኑን በሁለት እጃቸው አቅፈው ይቆያሉ። እኔ ደግሞ፣ ምን ያህል ቢወዱት ነው እያልኩ እኮራለሁ።

ክረምቱ በገባ በሁለተኛው ወር ይመስለኛል፣ አንድ ሐሙስ ቀሩ። ባቡር ተበላሸ አሉ። በሚቀጥለው ጉንፋን። በሚቀጥለው የልጆቹ ትምህርት ቤት ስብሰባ። በሚቀጥለው ምንም አላሉም፤ ስልክም አልደወሉም። ቅቅሉን ብቻዬን በላሁት። ብቻውን ቅቅል የሚበላ ሰው አይታችሁ እንደሆነ አላውቅም፤ አጥንቱን ሲግጥ የሚሰማው የራሱ ድምፅ ብቻ ነው።

እኔ መቼም ሰው ሲርቀኝ ጥፋቱን ከራሴ ነው የምፈልገው። ፈለግሁና አገኘሁ። በመጨረሻው ሐሙስ ስለ ጾም ስንጫወት «የእናንተ ጾም እኮ በቁርስና በምሳ መካከል ያለችው ናት» ብያቸው ነበር። ያን ለት ስቀዋል። ግን የሽማግሌ ሳቅ ምኑ ይታመናል? ቤቱ ሲደርስ ሳቁን አውልቆ ነገሩን ያየዋል። እሱ ነው አልኩ። ለአንዲት ቀልድ ስል ያለኝን አንድ ሰው አጣሁት አልኩ። ማታ ማታ በጸሎቴ ላይ የጋሽ ኪዳኔን ስም ጨመርኩ፤ ስግደትም ጨመርኩ።

ይኸውላችሁ፣ የማታ ጸሎቴ ስግደት አለው። ከልጅነቴ የለመድኩት ነው። እወድቃለሁ፣ እነሣለሁ፣ እወድቃለሁ፣ እነሣለሁ፤ ስጨርስ ግንባሬ ላይ ላብ አለ። ሐሙስም ቢሆን ጋሽ ኪዳኔ ከመምጣታቸው በፊት ነበር የምጨርሰው። አሁን ስሙም ሲጨመር፣ ስግደቱም ሲጨመር፣ ጉልበቴ አሻፈረኝ አለ፤ አበጠ። ሐኪሜ ጋ ሄድኩ። «መንበርከክ የሚበዛበት ሥራ አለዎት?» አለችኝ። ስግደትን በእንግሊዝኛ ማስረዳቱ ከበደኝና «ስፖርት ነው» አልኳት። «በዕድሜዎ በጣም ጥሩ ነው» አለችና ከለከለችኝ።

በዚያው ዕለት ማታ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጸለይኩ። አባታችን ሆይ ብዬ ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ እግሬ ቀዘቀዘኝ። ትንሽ ቆይቶ ብርዱ እንደ ጎርፍ ውኃ ከወለሉ እየተነሣ ጉልበቴ ደረሰ፤ ወገቤን ያዘ። አፍንጫዬን ነካሁት፤ የሌላ ሰው አፍንጫ መሰለኝ። ተነሥቼ መስኮቱ ተከፍቶ እንደሆነ አየሁ፤ ተዘግቷል። ሂተሩን ነካሁት፤ ከሞተ ቆይቷል። ጋቢ ደረብኩ፤ ካልሲ ደረብኩ፤ በመጨረሻ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሄጄ የራሴን ካፖርት ከማንጠልጠያው አወረድኩ። እሱን ይዤ ኮሪደሩ ውስጥ እንደ ቆምኩ ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ።

ይህ ቤት ማታ ማታ እንዲህ ነው የሚሆነው። ሁልጊዜም እንዲህ ነበር። እኔ ያላወቅሁት ስግደቴ ስለሚያሞቀኝ ነው። ላቤን እየጠረግሁ በሩን እከፍትና፣ ከተማውን አቋርጠው የመጡትን ሽማግሌ ካፖርታቸውን ገፍፌ በረዶ ውስጥ አስቀምጣቸዋለሁ። ከዚያ ደግሞ «ቤቱ እንዴት ነው?» እላለሁ። ሳህኑን ያቀፉት ለካ ቅቅሉን ወደው ብቻ አይደለም። እኔ በእግዚአብሔር ፊት ስሞቅ፣ ሰውዬው በእኔ ፊት ሲንቀጠቀጡ ኖረዋል። እሱን ሳስብ ጸሎቴን መጨረስ አቃተኝ።

በማግስቱ ደወልኩ። ወዲያው ስለ ብርዱ ማንሣት ነውር መሰለኝና ከቀልዱ ጀመርኩ።

«ጋሽ ኪዳኔ፣ ስለዚያ ስለ ጾሙ ነገር ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ስለ የትኛው ጾም?»

«ቁርስና ምሳ ያልኩት።»

«መቼ አልከው? ጥሩ ናት፤ እስቲ ድገማት።»

ደገምኳት። እንደ አዲስ ሳቁ። ከዚያ ትንፋሼን ሰብስቤ «ቤቴ ይበርድዎታል እንዴ?» አልኳቸው።

«ቤትህ? ኧረ የአንተ ቤትማ ምድጃ ነው!»

ከኋላቸው የሳባ ድምፅ መጣ። «አባዬ፣ ዶንት ላይ፣ አትዋሽ» አለችና ስልኩን ተቀበለቻቸው። «ጋሼ ታደሰ፣ አይቀየሙኝ። ሐሙስ ማታ ሲመለስ እግሩን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሬ ነው የማስተኛው። ሊትራሊ በረዶ ነው፤ የምሬን ነው። ደረቱን ስላመመው እኔ ነኝ አትሄድም ያልኩት። እሱማ ቢሞትም አይነግርዎትም።»

«አንቺ ልጅ፣ አሁን ይሄ ይባላል?» ሲሉ ይሰማኛል ከወዲያ። «ታደሰ፣ አትስማት። ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል እንጂ ገነት ነው።»

ስልኩን ዘጋሁ። ሁለት ሰዎች ነን። አንዱ እንዳይከፋው ብሎ ካፖርት ይገፍፋል፤ ሌላው እንዳይከፋው ብሎ ይገፈፋል። በአንድ ትንፋሽ «በረደኝ» ማለት ይበቃ ነበር። እኛ ግን ክብራችንን ጠብቀን ልንተላለቅ ደርሰን ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ስለ ታሪፍ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አሰብኩበት። መብራት ሌሊት ለምን ይረክሳል? የሚፈልገው ስለሌለ ነው። ሁሉም ተኝቷል። ማታስ ለምን ይወደዳል? ሰው ስላለ ነዋ። ምጣዱ ይጣዳል፣ ልጅ ይታጠባል፣ ቴሌቪዥን ይጮኻል፣ እንግዳ ይገባል። ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው ሰው ከሰው ጋር መሆኑ ነው። እኔ ስንት ዘመን ብልጥ ነኝ እያልኩ ርካሹን ሰዓት ስከተል፣ ለካ ሰው የሌለበትን ሰዓት ነበር የምከተለው። ሥራዬም ሌሊት፣ ልብስ ማጠቢያዬም ሌሊት፣ ሙቀቴም ሌሊት። ርካሽ ነበር። እውነት ለመናገር በጣም ርካሽ ነበር።

ለመብራት ኩባንያው ደወልኩ። ሙዚቃውን ካዳመጥኩ በኋላ አንዲት ትሑት ልጅ አነሣች። ሌሊትና ቀን ሳይል አንድ ዋጋ ወዳለው ታሪፍ መቀየር እፈልጋለሁ አልኳት። ኮምፒውተሯን ቼክ አድርጋ «እንዲህ ዓይነት ሂተር ይዘው ቢቀይሩ ይጎዳሉ፤ አልመክርዎትም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ዋሽታ ልትቀይረኝ ትችል ነበር።

«ማታ ይበርደኛል» አልኳት።

«ማታ ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ?»

«እኔ።»

«እርስዎ ብቻ?»

«ሐሙስ እንግዳ አለኝ።»

«ሌላ ቀንስ?»

«ሌላ ቀን የለም።»

ከዚያ «እንግዳዎ ጠዋት ቢመጡስ? ጠዋት እኮ ቤትዎ ይሞቃል» አለች። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ጋሽ ኪዳኔ ጠዋት የልጅ ልጆቻቸውን እንደሚያደርሱ፣ ከእሳቸው ጋር ጨዋታ የሚያምረው ደግሞ ቀኑ ካለቀ በኋላ እንደሆነ ነገርኳት። እሷም ጽፋው ይሁን ሰምታው ብቻ አላውቅም፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ የሐሙስ ታሪፍ የለንም» አለችኝ። ከልቧ ነው ያዘነችው። ባርኬያት ቀይሪው አልኳት፤ ቀየረችው። ለካ በስልክ ነው የሚቀየረው፤ ሰው እንኳ አልላኩም። አንድ ሰው መጥቶ ገመድ ይነቅላል፣ ሻይ አፈላለታለሁ ብዬ ነበር።

ትልቁን ሣጥን አጠፋሁት። ሃክኒ ሄጄ ጎማ ያለው፣ የሚገፋ የዘይት ሂተር ገዝቼ መጣሁ። እሱን ማታ እሰካዋለሁ፤ ቤቱ በአንድ አፍታ ይሞቃል። ጠዋት ግን አሁን ቤቴ በረዶ ነው። ጉልበቴም ሲሻለው ስግደቴን ከማታ ወደ ጠዋት አዛወርኩት፤ እሱንም ታሪፍ ቀየርኩለት ማለት ነው። አምላኬ የሰዓት ልዩነት አያደርግም ብዬ ነው።

ከዚያ ለሳባ ደወልኩላት። ቤቱ ሞቋል አልኳት፤ ማልኩላት። «እናያለን» አለች። የእናያለንን ትርጉም የምታውቁት ሐሙስ ማታ ጋሽ ኪዳኔ በሩ ላይ ሲደርሱ ነው። ውፍረታቸው እጥፍ ሆኗል።

«ወፈሩሳ» አልኳቸው።

«ሳባ ናት» አሉ።

እጄን ከካፖርታቸው ሰበሰብኩ። «እንደ ፈለጉ ይሁኑ፣ አያውልቁ» አልኩ። «ምነው፣ እንድሄድልህ ነው እንዴ?» አሉና ራሳቸው አወለቁት። ከካፖርቱ ሥር ጃኬት ነበረ። ከጃኬቱ ሥር ሹራብ፤ ከሹራቡ ሥር ሌላ ሹራብ፤ ከእሱ ሥር ሳባ በስንት ልመና ያለበሰቻቸው ወፍራም ካናቴራ። ቤቱ እየሞቀ፣ ቅቅሉም እየገባ ሲሄድ አንድ በአንድ አወለቋቸው። ወንበሩ የልብስ መደብር መሰለ። ፊታቸው ቀላ፤ ትከሻቸው ወረደ። ለካ እስከዛሬ ትከሻቸውን ሰቅለው ነበር የሚያወሩኝ። እኔ የተፈጥሮ ቅርጻቸው ነበር የሚመስለኝ።

እኔ ደግሞ ወሬ አጠራቅሜያለሁ። ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ሐኪሟ፣ ስለ ታሪፏ ልጅ፣ ስለ አዲሱ ቄስ ረጅም ስብከት። ከሁሉም በፊት ግን አውቶቡስ ውስጥ ስለ ገጠመችኝ ሴትዮ ልነግራቸው ፈለግሁ፤ እሷን ለእሳቸው ብዬ ነበር ያስቀመጥኳት። «አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴትዮ…» ብዬ ቀና ስል፣ ጋሽ ኪዳኔ ተኝተዋል።

ተናደድክ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ትንሽ። ሰው እኮ የሚተኛው መብራቱ በሚረክስበት ሰዓት ነው። እሳቸው ግን የለንደን መብራት እጅግ በሚወደድበት ሰዓት፣ እኔ ለጨዋታ ብዬ በገዛሁት ሙቀት ላይ፣ አፋቸውን ከፍተው ያንኮራፋሉ። ሂተሩን ልቀንሰው ብዬ ተነሣሁ። እጄን ዘረጋሁና ተውኩት። ቢቀዘቅዝ ይነቃሉ፤ ቢነቁ ሰዓታቸውን ያያሉ፤ ሰዓታቸውን ካዩ ይሄዳሉ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ይህን ጸጥታ አውቀዋለሁ፤ ስንት ማታ አብሬው ተቀምጫለሁ። የዛሬው ግን ትንፋሽ አለበት። ትንፋሹ ሲገባ ትንሽ ያፏጫል፣ ሲወጣ ይረጋል፤ ደረታቸው ገና አልዳነም። መቁጠሪያዬን አወጣሁና በእሳቸው ትንፋሽ ልክ፣ ቀስ ብዬ፣ አንድ በአንድ አሳለፍኩት። እንደዚያ ተረጋግቼ ከጸለይኩ ቆይቻለሁ።

ኋላ አንገታቸው ዘንበል ሲል ነቁ። ጣሪያውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ የት እንዳሉ ሲገባቸው ደነገጡ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ በሰው ቤት ጨዋታ መሀል ተኛሁ አይሉም። ተስተካክለው ተቀመጡና፣ ሲያዳምጡ እንደ ቆዩ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሺ» አሉ፤ «ከዚያስ?»

አየኋቸው። ውጭ ዝናብ ነው፣ መንገዳቸው ሩቅ ነው፤ ሴትዮዋም ገና አውቶቡሱ ውስጥ እንደ ቆመች ናት።

«ከዚያማ ብዙ ነው» አልኳቸው፤ «መጨረሻውን ሐሙስ እነግርዎታለሁ።»